ሰሊጥ የሸተተችው ጀልባ

ምሥራቅ ሱዳን፣ ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ፣ ግድቡ አጥሮ ባስቀመጠው ውኃ ዳር፣ ኡስታ ቻላቸው ከሚስቱ ይልቅ ጀልባዋን ይወዳል እየተባለ ይታማ ነበር። ሚስቱ አሰጋሽ ሐሜቱ ሲደርሳት አትቆጣም። ጀልባዋ ወጥ ስለማትሠራለት ነው እንጂ እኔንማ ድሮ ትቶኝ ነበር ትላለች። ሐሜት ሲባል ግማሹ ውሸት ነው፤ ይኼኛው ግን ከግማሽ በላይ እውነት ነበረው።

ጀልባዋ ሳብሪን ትባላለች። ባለቤቷ ያዕቁብ፣ ገዳሪፍ ላይ ትልቅ ሱቅ ያለው የመተማ ሰው፣ በልጁ ስም ነው የሰየማት። ከእሱ በፊት የማን እንደነበረች አጥርቶ የሚያውቅ የለም። ከብዙ ዘመን በፊት ፈረንጆች ለመዝናኛቸው ከቀይ ባሕር በከባድ መኪና አስጭነው አመጧት ይባላል። ፈረንጆቹ ሄዱ፣ እሷ ቀረች። አሁን በግድቡ ላይ ሲያልፍ ፍተሻው የሚያንገላታው ሁሉ፣ ሽንኩርት ነጋዴው፣ አሳ ሻጩ፣ ማዶ ሥራ ያለው የቀን ሠራተኛ፣ በሳብሪን ነው የሚሻገረው። አካሏ ፋይበር ነው። ወለሏ ግን ቲክ በሚባለው ውድ እንጨት የተነጠፈ ነው፤ ረጃጅም ቀጫጭን ጣውላዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በመካከላቸው ጥቁር ማስቲሽ ተሞልቶ። በዚያ አቧራማ አገር እንዲህ ያለ ወለል የሹም ቢሮም የለው።

ቻላቸው ከመተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ማጭዱን ጥሎ መጋዝ ያዘ፤ በርና አልጋ ሲሠራ ቆይቶ ያዕቁብ ጀልባዋን አደራ አለው፤ ከዚያ ወዲህ ኡስታ፣ የእጅ ባለሙያ፣ ተባለ። ውኃው ዳር ያሉት ክርስቲያኖች በሚጠጡት የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ደግሞ ሙሴያቸው እሱ ነው፤ ቄስ በሌለበት ዳቦውን የሚቆርስ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ጽዋውን ካወጣው ሰው ተቀብሎ ለተረኛው የሚሰጥ። ሁለት ማዕረግ ያለው ሰው ትንሽ ደረቱን ቢነፋ አይፈረድበትም። የቻላቸው ግን ከትንሽ አለፍ ያለ ነበር።

ለቆላ ሰው ሰሊጥ ዘይት የማይገባበት ነገር የለም። ለወጥ ነው፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ነው፣ ለልጅ ፀጉር ነው፣ ለማጭድ እጀታ ነው። ቻላቸውም የቲኩ ጣውላ ፀሐይ መትቶት ሲያመዳ ባየ ጊዜ ሌላ መድኃኒት አልፈለገም። ቅዳሜ ቅዳሜ ተንበርክኮ ወለሉን በሰሊጥ ዘይት ያሻል፤ በጨርቅ ይወለውላል፤ ከዚያ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ያየዋል። ወለሉ ማር ይመስላል። ያዕቁብ እንግዳ ባመጣ ቁጥር እንግዶቹ ሳይነገራቸው ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ፣ ቻላቸው ደስታውን የሚደብቅበት ያጣል። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው።

ጣውላ ሲነቃነቅበት ደግሞ ዘዴው አንድ ነበር፤ ረጅም ቪቲ፣ ተጠምዝዞ የሚገባ ባለ ጥርስ ምስማር። በር ሲነቃነቅ ቪቲ፣ አልጋ ሲንቋቋ ቪቲ፣ ዕድሜ ልኩን የኖረበት ነው። ሲረግጠው ለስለስ ያለው ቦታ ሁሉ ላይ ካቻቢቴውን ይዞ ይወርዳል፤ ቪቲውን ጠምዝዞ ሲያስገባው ለጊዜው ይጠናል። ከጥቂት ወራት በኋላ አጠገቡ ያለው ይለሰልሳል፤ እዚያም ሌላ ቪቲ።

ያላወቀው ነገር ቢኖር ከቲኩ ሥር ምን እንዳለ ነው። ቲኩ ጌጥ ነው። ሰውን የሚሸከመው ከሥሩ ያለው ነው፤ መጀመሪያ ስስ ፋይበር፣ ከዚያ እንደ ቡሽ የቀለለ እንጨት፣ ከዚያ እንደገና ፋይበር። በሁለት ቂጣ መሐል ሽሮ እንደማለት ነው። መሐሉ ደረቅ እስከሆነ ድረስ በሬ ቢቆምበት አይሰማውም። ላዩ ከተበሳና ውኃ ከገባው ግን መሐሉ ዝም ብሎ ይበሰብሳል፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ምንም አይታይም። የቻላቸው ረጃጅም ቪቲዎች ያንን ስስ ፋይበር እየወጉ አለፉ። የክረምቱ ዝናብም የቅዳሜው ዘይትም የቪቲውን ጥርስ ተከትለው ወረዱ።

ጉዱ የወጣው ራሒማ ሽንኩርቷን ጭና ስትሻገር ነው። ራሒማ ሰውነቷም ድምጿም ገዘፍ ያለ፣ ጠዋት በአማርኛም በዐረብኛም የተናገረችው ለምሳ ገዳሪፍ የሚደርስላት ነጋዴ ናት። ጀልባዋ መሐል ላይ ቆማ የተጠቀለለችበትን ቶቧን ልታስተካክል አንድ እርምጃ ስትራመድ ወለሉ እንደበሰለ ዱባ ተቀበላት። እግሯ እስከ ጉልበቷ ሰመጠ። ሰው ተረባርቦ አወጣት። ቅልጥሟ ተልጦ ደምቷል፤ ከደሙ ይልቅ ግን ያንገበገባት በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት መገላለጧ ነበር። ይኼን መርከብ የሚጠብቀው ማነው እያለች ስትጮህ የሰው ሁሉ ዓይን ቻላቸው ላይ አረፈ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቻላቸው አስቦ የተዘጋጀበት ነገር አልነበረም። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲፈልግ ባልዲውን እንደያዘ የቆመውን ተኽለን አየ፤ አፉም ከእሱ ቀድሞ ሄደ።

"ጠዋት ጠዋት ውኃ እየደፋ እንጨቱን ያበሰበሰው እሱ ነው" አለ።

ተኽለ ከሁመራ ጦርነቱ አሳዶት ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ የገባ፣ ከዚያም ሥራ ፍለጋ ወደ ውኃው ዳር የመጣ ጎልማሳ ነው። ሥራው የአሳ ቅርጫት የሚወርድበትን የጀልባዋን የኋላ ጫፍ ማጠብ ነበር። ከዚያ አልፎ አንድ ጋት እንዳያጥብ፣ ዘይቱን ታስለቅቅብኛለህ ብሎ የከለከለው ራሱ ቻላቸው ነው። ተኽለ ይኼን መናገር ይችል ነበር። አፉን ከፈተ፣ ቻላቸውን አየ፣ መልሶ ዘጋው። ሙሴ ነዋ። በሰው አገር፣ ያውም በተኮላተፈ አማርኛ፣ ሙሴህን በሰው ፊት ዋሸህ ማለት ከባድ ነው። ራሒማን ግን መናገር ከብዷት አያውቅም። የእናት የአባቱን ስም አንሥታ ሰደበችው፤ ሽንኩርቷ ሳይሸጥ ወሬው ተሸጦ አለቀ። ያዕቁብም በስልክ ሰማና ያ ልጅ ከነገ ጀምሮ ጀልባዬን እንዳይነካ አለ።

በዚያ ወር የጽዋው ተራ የተኽለ ነበር። ጽዋው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነች ትንሽ እንስራ ናት፤ ተረኛው ቤቱ ወስዶ ወሩን ያከርማትና የሚካኤል ዕለት ሞልቶ ያቀርባታል። ያቺ እንስራ ቤቱ ስትገባ ተኽለ ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ እንደመረገላት ሁሉም ያውቃል። ዕቃውን ጠቅልሎ ቱነይድባ ወዳለች እህቱ ወደ ራሄል ከመሄዱ በፊት ቻላቸው ቤት ይዟት መጣ። ማኅበርተኛ ከተቀያየመው ሰው ጋር ጽዋ አይጠጣም፤ ሥርዓቱን ሁለቱም ያውቁታል።

"ለሚቀጥለው ተረኛ ይስጡልኝ፣ አያ ቻላቸው" አለና ሄደ።

አሰጋሽ ተቀብላ ከራስጌያቸው ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቻላቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ።

ጥገናው ለመጀመር ብዙም አልቆየም። ያዕቁብ ፖርት ሱዳን ያለ ኢሀብ የሚባል የፋይበር ባለሙያ በስልክ አገኘና ከቻላቸው ጋር አገናኛቸው። ኢሀብ በዐረብኛ ሲያስረዳ ቻላቸው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ቲኩን ሳትሰብር አንሣው አለው። የላይኛውን ፋይበር በመጋዝ ቁረጥ፤ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ጠርገህ አውጣ፤ አድርቅ፤ አዲስ እንጨት በሙጫ ሙላበትና በፋይበር ጨርቅ ዝጋው። ቲኩንም በሙጫ መልሰህ ለጥፈው፣ ቪቲ የሚባል ነገር እንዳታስገባበት። የመጨረሻዋን ሲሰማ ቻላቸው ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ። ለምን ብሎ ግን አልጠየቀም።

ጀልባዋን ወደ ዳር አስጎትቶ ራኩባ የሚሉት ዳስ ሥር አስገባትና ጣውላዎቹን ማንሣት ጀመረ። ቪቲዎቹን ሲፈታ የአንዳንዶቹን ቀን ሳይቀር ያስታውሳል፤ ይኼ የፋሲካ ሰሞን፣ ይኼ ያዕቁብ ዳኞችን እንግዳ አድርጎ ያመጣ ጊዜ። መጋዙ ፋይበሩን እንደበሳው ሽታ ወጣ። የበሰበሰ እንጨት ሽታ ነው ብሎ አለፈው። መሮውን አስገብቶ ሲፈነቅል ግን ከሽታው ሥር ሌላ ሽታ መጣ፤ የቆየ፣ የሻገተ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው። ሰሊጥ ነው።

እንጨቱን በእጁ ሲያነሣው እንደ ጭቃ ተጨመቀ፤ በጣቶቹ መካከል ውኃና ዘይት አብረው ወረዱ። በየቪቲው ቀዳዳ ዙሪያ ጥቁር ክብ አለ። ክቦቹ እየሰፉ፣ እርስ በርስ እየተገናኙ፣ የጀልባዋን መሐል ጠቅላላ በልተውታል። ራሒማ የሰመጠችበት ቦታ ቪቲዎቹ ከሁሉም ተቀራርበው የተመቱበት ነበር። ቻላቸው መሮውን ይዞ ወደ ኋላ ጫፍ ሄደ፣ ተኽለ በየጠዋቱ ውኃ ወደሚደፋበት። እዚያም ፋይበሩን ቀደደው። መሮው ነጥሮ ተመለሰ። እንጨቱ ነጭና ደረቅ ነው፤ ገና አሁን ከመሰንጠቂያ የመጣ ይመስላል። እዚያ ቦታ ቪቲ ገብቶበት አያውቅም፤ ላዩ ካልተበሳ ውኃ ዓመት ሙሉ ቢደፋበት ጠብታ አያልፍም።

ቻላቸው እዚያው ተቀመጠ። ማንም አላየውም፤ እሱ ግን አፈረ፣ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እያለ ስንቱን ሰው በሽሙጥ ሲነካበት ኖሯል። ያ ሰው ለካ እሱ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያቺ ሰዓት ጥሩ ሰዓት ነበረች። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ያዕቁብ ክፉ ሰው አይደለም፣ ተኽለም ገና ሩቅ አልሄደም። ቻላቸው ግን ክብሪት ፈለገ። የበሰበሰውን እንጨት በጆንያ እየሞላ ከራኩባው ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ አጋዘ፤ ጥቂት ቀን ፀሐይ አስመትቶ ጋዝ ደፋበትና ለኮሰው። ሐሳቡ ማንም ሳያየው አመድ እንዲሆንለት ነው።

ዘይት ጠጥቶ የከረመ እንጨት ግን ዝም ብሎ አይቃጠልም። እሳቱ ገና ሲይዘው ያ የሻገተው ሽታ ጠፍቶ የተቆላ የሰሊጥ ሽታ ተነሣ፤ ሞቅ ያለ፣ ምራቅ የሚያስውጥ። ነፋሱ ተቀበለውና በየቤቱ አዞረው። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ሻይ ቤት የተቀመጡት ወሬያቸውን አቋረጡ። ሰሊጥ ለማጨድ የመጣ ሰው በሞላበት አገር ያንን ሽታ የማይለይ አፍንጫ የለም። ከማኅበሩ በዕድሜ የምትበልጠው ዙፋን፣ ማን ነው ለዓመት በዓል የደረሰው እያለች ሳህን ይዛ መጣች፣ ለልጅ ልጆቿ ትንሽ ልትለምን። ከራኩባው ጀርባ ስትዞር ቻላቸው በእንጨት እሳቱን ሲቆሰቁስ አገኘችው።

ዙፋን ጭሱን አየች። የጀልባዋን እንጨት አየች። ቻላቸውን አየች። ከዚያ ሳህኗን ነጠላዋ ሥር ከተተችና፣

"እግዜር ያበርታህ፣ ሙሴ" ብላው ተመለሰች።

ማታ አሰጋሽ ራት ስታቀርብለት ከልብሱ ላይ ያንኑ ሽታ አሸተተች። ቻላቸው ጎርሶ እስኪውጥ ጠበቀችው።

"እንጨቱንስ አቃጠልኸው" አለች። "ጽዋዋንስ የት ልታደርጋት ነው?"

ተቆጣ። ሴት ልጅ በእንጨት ሥራ ምን አገባት አለ፤ ሰሐኑን ገፍቶ ተነሣ። ሲወጣ ግን መደርደሪያው ሥር ራሱን ዝቅ አድርጎ አለፈ።

አዲሱን እንጨት ከደረቅ ኮምፖልሳቶ በልክ በልኩ ቆርጦ ሞላው፤ ሙጫውን ኢሀብ እንዳለው በጥብጦ አፈሰሰ፤ የፋይበሩን ጨርቅ አለበሰው። በማግስቱ ሊያየው ሄዶ ጫፉን በጥፍሩ ቢነካው እንደ ወተት ስልባቦት ተነሣ። ሙጫው አልያዘም። ያዕቁብ ከገዳሪፍ፣ ኢሀብ ከፖርት ሱዳን፣ ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ ሆነው ጠየቁት። ኢሀብ ወዲያው ገባው። እዚያ ቦታ ዘይት ነበረ ወይ፣ ሙጫ ዘይት ላይ አይዝም አለ።

ሁለተኛዋ መልካም ሰዓት ይቺ ነበረች።

"የአሳ ስብ ይሆናል" አለ ቻላቸው። "ያ ልጅ ቅርጫቱን በየቦታው ያስቀምጥ ነበር።"

ያዕቁብ በምሬት ተኽለን ረገመው። ቻላቸው ስልኩን ዘጋ። መጀመሪያ የዋሸ ዕለት አፉ ደርቆ ነበር፤ አሁን ግን ምራቁ እንኳ አልጎደለም። እንዲህ ቀላል መሆኑ አስፈራው።

ኢሀብ የሰጠው መድኃኒት ደስ አይልም። ዘይት የነካውን እንጨት ሁሉ አውጣ፤ ጠርዙን በቲነር እጠብ፤ ሙጫው ጤነኛ እንጨት እስኪያገኝ ድረስ ቁረጥ። ቻላቸው ቆረጠ። በሙጫ ሞከረ፤ ተላቀቀ። እንደገና ቆረጠ። በዘይት ያሸው ወለል ስንት ቦታ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቀው፤ ቅዳሜዎቹ ሁሉ ከፊቱ ተዘረጉ። ጀልባዋ መሐል ላይ ሲጀመር መሶብ የሚያክል የነበረው ቀዳዳ ሰው የሚያስተኛ ሆነ። ሙጫው እንደ ድንጋይ ይዞ እምቢ አልነቀልም ያለው ተኽለ ሲያጥበው የኖረው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ሰዉ ምንም አላለውም። የገደለውም ይኼው ነው። ሻይ ቤት ሲገባ ከበፊቱ ፈጥነው ይነሡለታል። ሙሴ፣ እዚህ ይቀመጡ ይሉታል፣ አንተ ሲሉት የኖሩት ሳይቀሩ። እሱ ሲመጣ ስለ ጀልባ የሚወራው ወሬ ስለ ዝናብ ይሆናል። አንድ ቀን አንዱ ወጣት ሰሊጥ የሚል ቃል አመለጠውና ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። የአገሩ ሰው ሲያከብርም ብድግ ይላል፣ ሲፈርድም ብድግ ይላል፤ ቻላቸው ልዩነቱን ከፊታቸው ለማንበብ እየሞከረ ሻዩ ይበርድበታል።

ሚካኤል ደረሰ። ጽዋዋን ከእነቻላቸው መደርደሪያ ወስዳ፣ ተኽለን ተክታ ያወጣችው ዙፋን ናት። ጠላ ለዚያ አገር ስለማይመች እንስራዋ እንደ ልማዳቸው ከርከዴ በሚባለው ቀይ መጠጥ ተሞላች። ቻላቸው ከአሰጋሽ ጋር ሲገባ፣ በሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ተኽለ ተቀምጧል። ዙፋን ነበረች ደውላ ያስመጣችው። ተኽለ ብድግ ብሎ እጅ ነሣው። ቻላቸው ምን ብሎ እንደመለሰለት አያውቅም።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ቀረበ። ጽዋው ከመቀዳቱ በፊት ሙሴው ቆሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ቻላቸው ለዓመታት ሲጠይቀው ኖሯል፤ አንደበቱ ያለ እሱ ያውቀዋል። ቢላዋውን በአንድ እጁ፣ ዳቦውን በአንድ እጁ እንደያዘ ቆመ።

"ከመካከላችን የተጣላ፣ የተቀያየመ አለ?" አለ።

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። ከበሩ አጠገብ ድምፅ መጣ።

"የለም፣ አያ ቻላቸው። እኔ ልሰናበት ነው የመጣሁት። መፋዛ ላይ የእርሻ ሥራ አግኝቻለሁ።"

ይቺን ሰምቶ ዳቦውን ቢቆርስ ያልፍለት ነበር። ሁሉም እንዲያልፍለት እየረዱት ነው፤ በደሉን የተሸከመው ሰው ሳይቀር። ቻላቸው ከራሒማ ጩኸት፣ ከያዕቁብ ቁጣ ይልቅ ይኼን ምሕረት መሸከም አቃተው። ቢላዋውን አስቀመጠ።

"አለ" አለ። "እኔ ነኝ። እንጨቱን ያበሰበሰው የኔ ቪቲና የኔ ዘይት ነው። ተኽለ ያጠበው ቦታ ደረቅ ነው፤ በመሮዬ አይቻለሁ። አይቼም ዝም አልሁ። ቆይቼም ደገምሁት።"

ዳቦውንም ከቢላዋው አጠገብ አኖረው። ዙፋን እንስራዋን ከፊቷ ገፋ አድርጋ አየችው።

"እናውቃለን፣ ልጄ" አለች፤ ሙሴ አላለችውም። "ሳህን ይዤ የመጣሁ ለት ቀዬው ሁሉ አውቋል። አንተ እስክትነግረን ነው የጠበቅንህ።"

ማልቀስ ፈለገ፣ እንባውም አፈረ መሰል አልመጣም። አሰጋሽ አንገቷን ደፍታለች። ቻላቸው ጽዋዋን በሁለት እጁ አንሥቶ በሩ ድረስ ሄደ፣ የወሩን ተራ ለተኽለ ሊመልስ። የተኽለ እጆች ግን ጉልበቱ ላይ እንዳሉ ቀሩ።

"እነዚህማ ያውቁ ነበር" አለ ተኽለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "ለሚያውቅ ሰው መንገር አይከብድም። ራሒማ አታውቅም። ያዕቁብ አያውቅም። ገበያው ዛሬም የሚያውቀው እኔን ነው።"

ማንም ተው አላለውም። ጽዋዋ በዙፋን ቤት አደረች።

ሳብሪን ወደ ውኃ የተመለሰች ቀን ያዕቁብ ልጁን ይዞ ከገዳሪፍ መጣ። ቲኩ ቦታው ተመልሷል፤ አንድም ቪቲ የለበትም፣ ዘይትም አልነካውም፤ አመድማ መልኩን ይዞ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። ተሻጋሪው ዳር ላይ ተሰልፏል። ራሒማ ከሽንኩርት ጆንያዎቿ መካከል ቆማ እግሬን አላነሣም ትላለች። ከሰልፉ ጫፍ መፋዛ ሳይሄድ የቆየውን ተኽለን ስታይ ደግሞ አዲስ ጉልበት አገኘች።

"ይኼ አበስባሽ ደግሞ ተመለሰ? ወላሂ እሱ ካለበት አልሳፈርም" አለች።

ቻላቸው ከጀልባዋ ወረደ። ሰልፉን በሙሉ የሚያይበት ቦታ ላይ ቆመ። ማኅበሩ ፊት የተናገረውን ራሒማ ፊት በአማርኛ ተናገረው፤ ቪቲውን፣ ዘይቱን፣ ተኽለ መሐሉን እንዳያጥብ የከለከለው ራሱ መሆኑን፣ እንጨቱን ማቃጠሉን። ሲጨርስ ከኋላ የቆሙት ሱዳኖች ምን አለ፣ ምን አለ ተባባሉ። ቻላቸው ትንፋሹን ሳበና ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ በዐረብኛ ደገመው። አንድ ኃጢአት በሁለት ቋንቋ ሲነገር እጥፍ ይሆናል፤ በዐረብኛው ጊዜ አንዳንዱ ሳቀ።

ያዕቁብ አልሳቀም። ልጁን በእጁ እንደያዘ ቻላቸውን አየው።

"የአሳ ስብ ነው አልኸኝ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ወደ ተኽለ ሄዶ ትከሻውን ያዘና በጆሮው አንድ ነገር ነገረው፤ ተኽለም በእሺታ ራሱን ነቅንቆ ባልዲውን ካለበት ሊያመጣ ሄደ። ያዕቁብ ከዚያን ቀን ወዲህ ቻላቸውን በስሙ ይጠራዋል፤ ኡስታ ሲለው የሰማ ሰው የለም።

ራሒማ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ስድብ እንደሚገባው ሰው ራሱን ደፍቶ። ራሒማ ግን ወደ ጀልባዋ በጣቷ አመለከተችው።

"ግባ። እኔ የሰመጥሁበት ላይ ቁም። ማዶ እስክደርስ እግርህን እንዳታነሣ።"

ገብቶ ቆመ። ወለሉ ያዘው፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ራሒማ ከኋላው ገባች፣ ጆንያዎቿ ገቡ፣ ሰልፉ ገባ። ሁሉም በየጎኑ ተቀምጦ መሐል ላይ ብቻውን የቆመውን ሰው ያያል። ሞተሩ ተነሣ፣ ዳሩ ራቀ። ፀሐዩ አናት ላይ ነበርና ቲኩ መሞቅ ጀመረ፤ ሲሞቅም፣ ቻላቸው ጠርጌ ጨረስሁት ቢልም፣ ከጣውላው ገላ ራሱ ያ ሽታ ቀስ ብሎ ተነሣ። ራሒማ አፍንጫዋን ነፋችና ቶቧን ወደ አፏ አስጠጋች። ትንሿ ሳብሪን አባቷን ሰምሲም፣ ሰሊጥ፣ ይሸታል አለችው፤ ያዕቁብም አዎ አላት።

ተኽለ ባልዲውን ከውኃው ሞልቶ ከኋላ ጫፍ ማጠብ ጀመረ። ዛሬ ከጫፉ አልቆመም፤ እየፈተገ ወደ መሐል መጣ። ቻላቸው እግር ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ አየው።

"እግርዎን፣ አያ ቻላቸው" አለ።

ቻላቸው ራሒማን አየ። ራሒማ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ተኽለ ትንሽ አሰበና በእግሮቹ ዙሪያ አጥቦ አለፈ። ሲያልፍም ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ጽዋዋን ዛሬ ከዙፋን ቤት እንደሚወስዳት ነገረው። ቻላቸው አንገቱን እንደደፋ፣ ውኃው በጣቶቹ መካከል ሲያልፍ እያየ፣ ማዶ እስኪደርሱ ቆመ።